ዳኛ የሌለበት ጦርነት፦ የ‹ዋርሃመር 40,000› አሥረኛ እትም ደንብ ሂሳዊ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የ‹ዋርሃመር 40,000› የጠረጴዛ ጨዋታ ስምንተኛ እትም ደንብ፣ ተጫዋቾች እስካሁን እየሳቁ የሚያነሱት አንድ እንከን ነበረበት። ስለ ተኩስ የሚናገረው ክፍል በዚያ ተራ የሮጠ ጓድ፣ ማለትም የተዋጊዎች ቡድን፣ ለተኩስ ሊመረጥ አይችልም ይላል። ስለ መሣሪያ ዓይነቶች የሚናገረው ክፍል ደግሞ ‹አሶልት› የሚባለውን መሣሪያ የያዘ ተዋጊ ሮጦም ቢሆን መተኮስ ይችላል ይላል። ለችኩል አንባቢ ሁለተኛው አንቀጽ ከመጀመሪያው የተለየ ፈቃድ ነው፤ አለቀ። ቃሉን ተከትሎ ለሚሄድ አንባቢ ግን ነገሩ እዚያ አይደርስም። ተኩስ የሚጀምረው ጓድ በመምረጥ ነው፤ የሮጠ ጓድ አይመረጥም፤ ባልተመረጠ ጓድ ውስጥ ያለ ተዋጊ ፈቃዱን የሚጠቀምበት ጊዜ አይመጣለትም። በዚህ ንባብ የሚጫወት ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ጽሑፉ የሚለው ግን ይኼንኑ ነበር። በ2020 ዘጠነኛው እትም ሲወጣ አንቀጹ እንደገና ተጻፈ፦ መሣሪያውን የያዘ ተዋጊ ያለበት ጓድ ቢሮጥም ለተኩስ ብቁ ነው፤ መተኮስ የሚችለው ግን በዚያ መሣሪያ ብቻ ነው። (ዓመታቱ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሻሻያው ምን እንዳደረገ ልብ ይሏል። የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ለወጠ። ለተዋጊው ተሰጥቶ የነበረው ፈቃድ ለጓዱ ተሰጠ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ተከተለ። በጨዋታ ደንብ ላይ የሚነሣ ክርክር፣ ሲጀመር የቱንም ያህል የጦር ስልት ክርክር ቢመስል፣ ሥሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የሰዋስው ጉዳይ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምመለከተው በጁን 2023 የወጣውን የአሥረኛውን እትም መሠረታዊ ደንብና እሱን ተከትሎ የሚሄደውን የማብራሪያ ሰነድ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ይህ ጽሑፍ በሁለት ተቀናቃኞች መካከል ብቻውን ሊዳኝ ይችላል ወይ?

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አሳታሚው ‹ጌምስ ወርክሾፕ› ይባላል፤ መቀመጫው የእንግሊዟ ኖቲንግሃም ናት። ሁለት ሰዎች በፕላስቲክ የተሠሩና በእጅ የተቀቡ ትንንሽ የተዋጊ ቅርጾችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ ርቀትን በኢንች እየለኩ፣ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ዓለሙ ከዛሬ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዓመት በኋላ ያለ የጨለመ የሕዋ ዘመን ነው። እያንዳንዱ ጓድ የራሱ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ ፍጥነቱ፣ ጥንካሬው፣ መሣሪያው በቁጥር ተቀምጧል። ከቁጥሮቹ ሥር ደግሞ ‹ችሎታዎች› ተጽፈዋል። ችሎታ ማለት አጠቃላዩን ደንብ በአንድ ቦታ የሚጥስ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌላው የማያደርገውን ይህ ጓድ ያደርጋል፣ ሌላው የሚደርስበት በዚህ ጓድ ላይ አይደርስም። በሁሉም ሠራዊቶች ካርዶች ላይ ሲደመር እንዲህ ያለው ልዩ ፈቃድ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። እያንዳንዱ ከሌላው ጋር የሚጋጭበት ወይም የሚጣመርበት ቦታ ሁሉ የንባብ ጥያቄ ይወልዳል። የአብዛኞቹን ችሎታዎች ስም በአማርኛ የመለስኩት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ብዬ ነው፤ ተጫዋቾች በእንግሊዝኛው ይጠሯቸዋል።

ይህ ሸክም በጽሑፉ ላይ የወደቀው በሂደት ነው። በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ ያሳተመው የጦር ጨዋታ፣ ‹ክሪግስሽፒል›፣ ሠንጠረዥና ዳይስ ቢኖረውም የመጨረሻው ቃል የዳኛው ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው፣ የሚያሰላው፣ ውጤቱን የሚናገረው ሦስተኛ ሰው ነው። በ1876 ፎን ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ደግሞ ሠንጠረዡ ሥራውን ያጓትታል፣ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ፍርድ ቢወስን ይሻላል እስከማለት ሄዷል። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ‹ሊትል ዎርስ›ን ሲጽፍ መፍትሔው ሌላ ነበር፤ የእንጨት ጥይት በምትወረውር የአሻንጉሊት መድፍ ወታደሩን መትቶ መጣል ነው። ወታደሩ ወድቋል ወይስ አልወደቀም የሚለውን ዓይን ይፈርዳል። ሪክ ፕሪስትሊ በ1987 የ‹ዋርሃመር 40,000›ን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ‹ሮግ ትሬደር›ን፣ ሲያዘጋጅም ጨዋታውን የሚመራ ሦስተኛ ሰው ታሳቢ አድርጎ ነበር። በኋለኞቹ እትሞች ያ ሰው ከጠረጴዛው ተነሣ። በትልልቅ ውድድሮች ዳኛ አለ፤ በሰው ሳሎን ወይም በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ግን የለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጽሑፉ ነው፣ ጽሑፍ ደግሞ ጥያቄ ቢጠይቁት አይመልስም።

የአሥረኛው እትም አወቃቀር ይህን የተረዳ ሰው ሥራ ይመስላል። የጦርነቱ ተራ በአምስት ምዕራፎች ይከፈላል፤ የትእዛዝ፣ የእንቅስቃሴ፣ የተኩስ፣ የግስጋሴ እና የእጅ በእጅ ውጊያ። ከዚያ የመሣሪያና የጓድ የጋራ ችሎታዎች እያንዳንዳቸው በስማቸው ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱ ችሎታ አቀራረብ ሦስት ንብርብር አለው። በሰያፍ ፊደል የተጻፈ አንድ የትረካ ዓረፍተ ነገር ይቀድማል፣ ደንቡ ራሱ ይከተላል፣ በመጨረሻ በአጭር ነጥብ የተቀመጠ ማጠቃለያ ይመጣል። ይህ አቀራረብ ለዓይን ምቾት ብቻ የተደረገ አይደለም። በቀደሙት ዘመናት ትረካና ድንጋጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀላቅለው ይመጡ ስለነበር፣ ‹በአስፈሪ ጩኸት እየወረደ› የሚለው ሐረግ ሁኔታ ነው ወይስ ማስጌጫ የሚል ጥያቄ ማንሣት ይቻል ነበር። አሁን ግን ፊደሉ ራሱ ይለያቸዋል። ቁልፍ ቃላት በደማቅ፣ የመሣሪያ ችሎታዎች በማዕዘን ቅንፍ ሲጻፉ ደግሞ አንባቢው ተራውን ቃል ከተበየነው ቃል በዓይኑ ይለያል።

ከአወቃቀሩ በላይ የማደንቀው ወደ ጋራ ስሞች የተደረገውን መመለስ ነው። ስምንተኛው እትም የጋራ ችሎታዎችን ሰርዞ እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ጽሑፍ እንዲይዝ አድርጎ ነበር። ዓላማው በጎ ነው፤ ተጫዋቹ ሁለት መጽሐፍ ከማገላበጥ አንድ ካርድ ያንብብ ተብሎ ነው፣ መሠረታዊው ደንብም በ12 ገጽ ገደማ ተጠቃሎ ነበር። ውጤቱ ግን ያልታሰበ ሆነ። ከሰማይ ወርዶ የጦር ሜዳው መሃል የመቆም ችሎታ በአንዱ ሠራዊት ‹ቴሌፖርት ስትራይክ›፣ በሌላው ‹ማንታ ስትራይክ› ተብሎ፣ ተመሳሳይ ይዘት በተለያየ ስም ተበተነ። ጥንቁቅ አንባቢ ደግሞ ቃል ሲለያይ ትርጉምም ይለያያል ብሎ ማሰቡ ልማድ ነው፤ የሕግ ባለሙያም እንዲሁ ያነባል። አንዱ ካርድ ላይ ያለ ሐረግ ሌላው ላይ ሲጠፋ፣ ጸሐፊው ረስቶት ነው ወይስ ሆን ብሎ? የአሥረኛው እትም መልስ ቀላልና ትክክለኛ ነው። ችሎታው አንድ ስም አለው፣ ‹ዲፕ ስትራይክ›፤ ጽሑፉ በአንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ወራጁ ጓድ ከማንኛውም የጠላት ተዋጊ በአግድም ከ9 ኢንች በላይ ርቆ መቆም አለበት፤ ካርዱ ስሙን ብቻ ይጠራል። ስለዚህ ልዩነት ያለበት ቦታ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ልዩነት ነው ብሎ ማንበብ ይቻላል።

የዚህ ሥርዓት ውበት የሚታየው ሁለት ብያኔዎች ሲገናኙ ነው። ደንቡ ‹ወሳኝ ቁስል› የሚባል ነገር ይበይናል፤ ጥቃቱ ያቆስል እንደሆነ ለማወቅ በሚጣለው ዳይስ ላይ ያለ ምንም ጭማሪና ቅናሽ 6 ከወጣ ወሳኝ ነው። ከዚያ ሌላ ችሎታ፣ ‹ፀረ-እግረኛ 4+› የሚለው፣ ዒላማው እግረኛ ከሆነ 4 እና ከዚያ በላይም ወሳኝ ቁስል ይሆናል ይላል። ሌላኛው ችሎታ ደግሞ ወሳኝ ቁስል ሲገኝ ምን እንደሚከተል ይናገራል። ሁለቱ ችሎታዎች አንዱ ስለ ሌላው አንድም ቃል አይተነፍሱም፤ የሚገናኙት በተበየነው ቃል በኩል ብቻ ነው። ሁለቱን የያዘ መሣሪያ ሲመጣ ግን መልሱ ያለ ክርክር ይወጣል። አሉታዊውም መልስ እንዲሁ ነው። ነበልባል የሚረጭ መሣሪያ፣ ‹ቶረንት› የሚል ችሎታ ያለው፣ ዒላማውን ያለ ዳይስ ይመታል። ‹ገዳይ ምት› የተባለው ችሎታ ደግሞ በመምቻው ዳይስ ላይ ወሳኝ ምት ሲገኝ ይሠራል። ዳይስ ካልተጣለ ወሳኝ ምት የለም፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ መሣሪያ ላይ ቢገናኙ ሁለተኛው ባዶ ነው። በዚሁ አካሄድ ‹ገዳይ ምት› የማቁሰያውን ዳይስ ስለሚዘል በዚያ ጥቃት ወሳኝ ቁስል ሊገኝ አይችልም። ይህን የሚል የተለየ አንቀጽ አያስፈልግም፤ ከብያኔዎቹ ይፈልቃል። ደንብ ጸሐፊ ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ ስኬት፣ ያልጻፈውን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ ሲያነበው ነው።

የአንድን ቃል ክብደት ለማየት ‹ፕላዝማ› የተባለውን መሣሪያ በሦስት እትሞች መከተል ይበቃል። ኃይለኛ ነው፣ ግን በተኳሹ እጅ ሊፈነዳ ይችላል። በስምንተኛው እትም የመምቻው ውጤት 1 ከሆነ ተኳሹ ይሞታል ይላል። ውጤት የተባለው ዳይሱ ላይ የሚታየው ነው ወይስ ጭማሪና ቅናሹ ተሰልቶ የሚገኘው? ተቀባይነት ያገኘው ሁለተኛው ንባብ ነበር። ስለዚህ ለመምታት የሚያስቸግር ዒላማ ላይ ሲተኮስ፣ በቅናሹ ምክንያት 2 ያወጣም ተኳሽ 1 እንዳወጣ ይቆጠርና ይቃጠላል። ጠላት በጭስ ስለተጋረደ የራስ ጠመንጃ የሚፈነዳበት ዓለም ትረካውን አይመስልም፤ ጽሑፉ ግን ወደዚያ ወሰደ። ዘጠነኛው እትም ‹ያልተቀየረ› የሚል አንድ ቅጽል ጨመረና ጉዳዩ ተዘጋ። አሥረኛው ከዚያም ርቆ ሄደ፤ አደጋውን ከመምቻው ዳይስ ነጥሎ፣ ተኩሱ ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ አደገኛ መሣሪያ ለብቻው የሚጣል ዳይስ አደረገው። የመጀመሪያው ጥገና የቋንቋ ነበር፣ ሁለተኛው የንድፍ። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሚነሣበትን አጋጣሚ ራሱን አጠፋው።

በዚህ ደንብ ውስጥ ለንባብ ከሁሉ የሚከብደው፣ እኔም ከሁሉ በላይ የተመለከትኩት፣ መሪን ከጓድ ጋር የሚያጣምረው ክፍል ነው። ጀግናው፣ ማለትም የራሱ ስምና ካርድ ያለው ተዋጊ፣ ከጦርነቱ በፊት ከአንድ ጓድ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ እንደ አንድ ጓድ ይቆጠራሉ። የአብዛኞቹ መሪዎች ችሎታ ‹ይህ ተዋጊ ጓድ በሚመራበት ጊዜ፣ በዚያ ጓድ ውስጥ ያሉ ተዋጊዎች...› ብሎ ይጀምራል። አዲስ ተጫዋች እዚህ ጋ መጠየቁ አይቀርም፤ መሪው ራሱ ከችሎታው ይጠቀማል ወይ? ካርዱ አይናገርም። መልሱ መሠረታዊው ደንብ ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ጓድ ከሆኑ መሪውም በዚያ ጓድ ውስጥ ያለ ተዋጊ ነው፤ ይጠቀማል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይበልጥ ይጥማል። ጓዱ ሁሉ አልቆ መሪው ብቻውን ቢቀርስ? የሚመራው የለም፤ ስለዚህ ችሎታው ለራሱም አይሠራም። የጦር አዛዡ ክንዱ ያልዛለ፣ ጎራዴው ያልተሰበረ ሆኖ ሳለ፣ ወታደሮቹ ስለሞቱ ብቻ ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረውን ስልት ያጣል። በትረካ ዓይን ይህ እንግዳ ነው ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን ደራሲዎቹ ትክክል ናቸው እላለሁ። የሚከተለው የሌለው መሪ እየመራ አይደለም። እዚህ ቦታ ሰዋስውና ትረካ ተስማምተዋል።

የ‹ድብቅነት› ችሎታ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። ጓዱን ከሩቅ ለመምታት በሚጣለው ዳይስ ላይ አንድ ይቀንሳል፤ ግን በጓዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ተዋጊ ችሎታው ካለው ብቻ ነው። ድብቅ ጓድ ችሎታው ከሌለው መሪ ጋር ሲቀላቀል ጠቅላላው ጓድ ችሎታውን ያጣል። ‹በዚያ ጓድ ያሉ ተዋጊዎች ድብቅነት አላቸው› የሚል ካርድ ያለው መሪ ግን ራሱንም ጨምሮ ይሸፍናል። ‹ይህ ተዋጊ› እና ‹በዚያ ጓድ ያሉ ተዋጊዎች›፤ በእነዚህ ሐረጎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጨዋታ ዕጣ ይወስናል። ካርዶቹን የጻፉት እጆች ብዙ መሆናቸው የሚያስታውቀውም እዚህ ነው፤ መሠረታዊው ደንብ የያዘውን የቃል ሥነ ሥርዓት ሁሉም ካርድ በእኩል ጥንካሬ አይጠብቀውም።

ከዚሁ ክፍል ግን በአርአያነት የምጠቅሰው አንድ አንቀጽ አለ። ጥምር ጓድ ሲጠቃ የሚወሰደው የመሪው ሳይሆን የጓዱ ጥንካሬ ነው። ታዲያ በጥቃቱ መሃል ጓዱ ቢያልቅና መሪው ቢቀርስ? ቀሪዎቹ ጥይቶች በማን ጥንካሬ ይሰላሉ? ደንቡ አጥቂው ጓድ ጥቃቶቹን ሁሉ ፈጽሞ እስኪጨርስ ድረስ የጓዱ ጥንካሬ ይጸናል ይላል። አንድ የጊዜ ወሰን ነው የተቀመጠው። ከጀርባው ግን ሁለት ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ቆመው ሊጠይቁት የሚችሉትን ጥያቄ አስቀድሞ የሰማ ጸሐፊ አለ።

ጊዜ በአጠቃላይ ለዚህ እትም ብርቱ ጎኑ ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ቅጽበት ሲነሡ ቅደም ተከተሉን ተራው የደረሰው ተጫዋች ይመርጣል፤ ከጦርነቱ በፊት ወይም በኋላ፣ እንዲሁም በዙር መጀመሪያና መጨረሻ ከሆነ ዳይስ ይጣላል። በጠላት ተራ ስለሚደረገው ‹ተጠባባቂ ተኩስ›ም ማብራሪያው ጠንቃቃ ነው፤ ከምዕራፉ ውጪ እንደ ተኩስ ምዕራፍ የሚተኩስ ጓድ፣ በተኩስ ምዕራፍ የሚነሡ ሌሎች ደንቦችን አይጠቀምም። ስለዚህ ‹በተኩስ ምዕራፍህ› ብሎ የሚጀምር ችሎታ እዚህ ዝም ይላል፣ ‹ይህ ተዋጊ በተኮሰ ቁጥር› የሚለው ግን ይሠራል።

ቋንቋው ግልጽ ሆኖ ፍርዱ የተበላሸበት ጊዜም አለ፣ ይህን ከአሻሚነት ጋር መቀላቀል ሐቀኛ አይሆንም። እትሙ እንደወጣ ‹አውዳሚ ቁስል› የተባለው ችሎታ ወሳኝ ቁስልን ጥሩር በማይመልሰው ጉዳት ይተካ ነበር፤ ያ ጉዳት ደግሞ ከአንዱ ተዋጊ ተርፎ ወደ ቀጣዩ ይፈስሳል። ለግዙፍ ማሽን የተሠራ አንድ ጥይት ብዙ እግረኞችን በአንዴ ጠራርጎ ይወስዳል ማለት ነው። የዳይስን ውጤት አስቀድሞ አስቀምጦ በፈለገው ጊዜ የሚተካው የኤልዳሪ ሠራዊት ደግሞ ያንን 6 በዕድል ሳይሆን በምርጫ ያገኘው ነበር። ብዙ ተጫዋች ‹ደንቡ እንዲህ ሊል አይችልም› ብሎ ሌላ ንባብ ፈለገ። ይላል እንጂ። ጽሑፉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ትርጉሙ ነው መጥፎ የነበረው። አሳታሚው በሴፕቴምበር 2023 ጉዳቱ ከአንድ ተዋጊ እንዳያልፍ አድርጎ አሻሻለው። ያልተወደደን ውጤት ‹አሻሚ ነው› እያሉ ማለፍ ቀላል ነው፤ ደራሲው ግን የጻፈውን እንደጻፈ ሊወቀስ ይገባል።

በተጫዋቾች ዘንድ ሁለት የንባብ ወገኖች አሉ። አንደኛው ‹እንደተጻፈው› ይላል፣ ሁለተኛው ‹እንደታሰበው›። ሁለቱም የሚመኩበትን ያህል ጽኑ መሬት ላይ አልቆሙም። ‹እንደታሰበው› የሚለው ሰው የደራሲውን ሐሳብ የሚያገኘው ከጽሑፉ ነው እንጂ ከሌላ ቦታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም የደራሲው ሐሳብ ከእሱ ሠራዊት ጥቅም ጋር ይገጥምለታል። ‹እንደተጻፈው› የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ መጽሐፉን አይደለም። በሰያፍ የተጻፈችው የትረካ መስመር ለምሳሌ ሕግ አይደለችም፤ ሆኖም ሁለት ንባብ እኩል ሲቆም ሚዛኑን ልታጋድል ትችላለች፣ የአዋጅ መግቢያ እንደሚያደርገው። በእኛ የአንድምታ ትርጓሜ ሊቃውንቱ ‹አንድም› እያሉ ንባብን በንባብ ላይ ይደርባሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም፤ የምስጢሩ ብዛት የመጽሐፉ ክብር ነው። የጨዋታ ደንብ ይህ ቅንጦት የለውም። ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት አንደኛው ንባብ መውደቅ አለበት። ስለዚህ በግጥም ‹ሀብታም› የምንለው ዓረፍተ ነገር በደንብ ውስጥ ጉድለት ነው፤ ይህን ዓይነት ሥራ የሚገመግም ሐያሲም የለመደውን መስፈርት ገልብጦ መያዝ ይኖርበታል።

ቋንቋ ምንም ቢጠራ የማይፈታው ነገርም አለ። ማየትና አለማየት በቅርጹ አካል ነው የሚወሰነው፤ ከተመልካቹ ተዋጊ ማንኛውም ክፍል የዒላማው ማንኛውም ክፍል ከታየ፣ ታይቷል። ክንፍም፣ የሰንደቅ ጫፍም፣ አንቴናም ክፍል ነው። ቅርጹን ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ፣ ጎራዴውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ያቆመ ትጉህ ቀቢ ለውበቱ በጨዋታው ይቀጣል ማለት ነው። መቆሚያ ክብ የሌላቸው ተሽከርካሪዎችም ርቀታቸው እስከ ቅርብ ክፍላቸው ስለሚለካ፣ ወደ ጎን የተዘረጋ አንድ መድፍ ክርክር ያስነሣል። ለዚህ የምወቅሰው የለም። አካል ያለው ነገር ለዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም።

የምወቅስበት ቦታ ሌላ ነው። የማብራሪያው ሰነድ በፊደል ተራ የተደረደረ፣ ብዙ ብልህ መልሶችን የያዘ ሥራ ነው፤ በራሱ ሲነበብ ያስመሰግናል። ነገር ግን ከውስጡ የተወሰነው ማብራሪያ አይደለም፣ ደንብ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ከምዕራፍ ውጪ ስለሚደረግ ድርጊት የሚናገረው ዝርዝር የአንድን ቃል ትርጉም አያፍታታም፤ ምን እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ይደነግጋል። እንዲህ ያለው ነገር ቦታው ዋናው መጽሐፍ ነው። ዋናውን ብቻ ያነበበ ሰው ሕጉን አውቃለሁ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይቀርብና፣ ተቀናቃኙ ስልኩን አውጥቶ እሱ አይቶት የማያውቀውን ሌላ ሰነድ ያነብለታል። ዳኛው ከክፍሉ ወጥቷል ተብሎ ሳለ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ዋናው ደንብ በነፃ በዲጂታል መልክ መሰጠቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ማሻሻያው በየጊዜው ሲወጣ ግን በወረቀት የታተመውን ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው እጁ ላይ የቀረው የትናንት ሕግ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ትንሽ ይመስላል፤ አንቀጾቹ ቁጥር የላቸውም። ‹ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ› የተባለው የካርታ ጨዋታ ሙሉ ደንቡን በተራ ቁጥር ከፋፍሎ ስላስቀመጠ፣ ሁለት ተከራካሪዎች አንዱን ንዑስ አንቀጽ በቁጥሩ ጠርተው በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ላይ ያርፋሉ። እዚህ ግን ‹ስለ መሪዎች የሚለው ገጽ ላይ፣ ከሥዕሉ በታች› እየተባባሉ መፈለግ ነው። የመጨረሻዎቹ አጫጭር ማጠቃለያዎችም ከሙሉው ደንብ ጋር ሲነጻጸሩ ክብደታቸው ምን እንደሆነ ቢገለጽ ደግ ነበር። ማጠቃለያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጥላል፤ ክርክርም ያ የተጣለው ነገር ላይ ይነሣል።

ስምንተኛው እትም ለእንዲህ ያለው ሁሉ አንድ መውጫ አስቀምጦ ነበር፤ ተነጋገሩ፣ ለሁለታችሁም የሚመስላችሁን አድርጉ፣ ካልተስማማችሁ ዳይስ ጣሉና ከፍ ያለውን ያወጣ ይወስን ይላል። አንዳንዶች ይህን የደራሲ ስንፍና አድርገው ያዩታል። እኔ አይመስለኝም። ጽሑፍ ሁሉን እንደማይደርስበት ማመን ራሱ የዕደ ጥበብ አካል ነው። ስንፍና የሚሆነው መውጫው ለአንቀጽ ምትክ ሲሆን ነው፤ የአሥረኛው እትም ደራሲዎች ይህን ፈተና በአብዛኛው አልፈዋል።

ፍርዴ ይህ ነው። የአሥረኛው እትም መሠረታዊ ደንብ ካየኋቸው የዚህ ጨዋታ እትሞች ሁሉ በቋንቋው የጠራው ነው፤ የተበየነ ቃልን በማክበሩና በጊዜ ወሰን ጥንቃቄው ከጨዋታ ውጪ ያሉ ሕግ አርቃቂዎችም ሊያነቡት ይገባል። ካርዶቹ ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላሉ። ማብራሪያው ጠቃሚ ነው፣ ግን ያለ ቦታው ተቀምጧል። በሚቀጥለው እትም ድንጋጌ የሆነው ሁሉ ወደ ዋናው መጽሐፍ ይግባ፣ አንቀጾቹም ቁጥር ይሰጣቸው። ተጫዋቹን ደግሞ የምለምነው ይህን ነው፤ ችሎታህ አሻሚ ሆኖ ካገኘኸው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልግ፣ ከዚያ የተበየነውን ቃል፣ ከዚያ ጊዜውን። አሁንም ሁለት ንባብ ከቀረ ለራስህ የማይጠቅምህን ያዝ፣ ለተቀናቃኝህም ዳይሱን ከመወርወርህ በፊት ንገረው።